ጐረቤት ያልተማከረበት ውል

ነጋዴ ውል ሲዋዋል በፊቱ የሚታዩት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ሻጭና ገዥ፣ አከራይና ተከራይ፣ ላኪና ተቀባይ። ሁለቱ ከተስማሙ፣ ምስክሮች ከፈረሙ፣ ቀብዱም ከተከፈለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ በወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ፣ ፊርማውም ሳይጠየቅ፣ ከውሉ የሚነሣውን ጢስ የሚተነፍስና ከውሉ የሚወርደውን ፍሳሽ የሚረግጥ ሦስተኛ ወገን አለ። እርሱም ጐረቤት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ወገን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በጸሐፊነት ወደማገለግልበት የንግድ ቤት የመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው አሠሪዬ በከተማው ዳርቻ ያላቸውን ባዶ መጋዘን ለመከራየት የሚፈልግ ነበር። ዓላማውንም አልሸሸገም፤ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሰበ በመጋዘኑ ውስጥ ሊሰብር፣ ከውስጡ የሚወጣውንም እርሳስ አቅልጦ ወደ ውጭ አገር ሊሸጥ አስቧል። ለኪራዩ ያቀረበው ገንዘብ በአካባቢው ከሚከፈለው እጥፍ ሲሆን፣ የአንድ ዓመቱን በቅድሚያ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑንም ጨምሮ ገልጿል።

አሠሪዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ዋጋው መልካም ነው። ነገር ግን ከአጥሩ ወዲያ ሰው ይኖራል። ይህ ሥራ ምን እንደሚያስከትል መርምረህ በጽሑፍ አቅርብልኝ» ሲሉ አዘዙኝ። መርምሬ ያገኘሁት ነገር በአንድ ንግድ ቤት ተወስኖ የሚቀር ሆኖ ስላልታየኝ፣ ባትሪ ለሚያስመጡ፣ ቁርጥራጭ ብረት ወደ ውጭ ለሚልኩ፣ መጋዘንና ግቢ ለሚያከራዩ አንባቢዎቻችን ሁሉ እነሆ አቀርበዋለሁ። ከአገራችን አዋጆች በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ስለ አሮጌ ባትሪ ንግድ

አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው፤ እርሳስም ደጋግሞ ቢቀልጥ ጠባዩ አይለወጥም፣ ዋጋውም አይጠፋም። በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰውም ሆነ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀምጦ የሚገዛው ነጋዴ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ አሮጌውን ሰብስቦ እንደ ገና ለአገልግሎት ማዋል በራሱ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ እንዲያውም በአግባቡ ከተሠራ መሬትን ከመቆፈር የሚያድን መልካም ንግድ ነው። በአግባቡ መሥራት ማለትም ባትሪውን በተዘጋ መኪና መስበር፣ አሲዱን በኖራና ይህን በመሳሰለ ነገር ኃይሉን አብርዶ ማስወገድ፣ ጢሱን በማጣሪያ ማሳለፍ፣ ለሠራተኛውም የአፍንጫና የእጅ መከላከያ መስጠት፣ የሥራ ልብሱም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ማድረግ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ይህን ሁሉ ወጪ ለመሸሽ ሲባል በመጥረቢያ እየፈለጡ፣ አሲዱን በመሬት ላይ እያፈሰሱ፣ እርሳሱንም በክፍት ምድጃ እያቀለጡ ሲሠራ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ማንኛውም የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ሥራውን ለመጀመር ቀላል የሆነውን ያህል የሚያስከትለውን ጉዳት ለማንሣት አስቸጋሪ ነው። ከምድጃው የሚበነው የእርሳስ ትቢያ እንደ ቅጠል በስብሶ፣ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ የሚጠፋ አይደለም፤ በጣራ፣ በግቢ አፈርና በጓሮ አትክልት ላይ አርፎ ይቀመጣል። ከዚያም በመተንፈስና በአፍ ወደ ሰው ሰውነት ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱት በአፈር ላይ የሚጫወቱና እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ናቸው፤ እርሳስ ገና በማደግ ላይ ያለውን አእምሯቸውን ይጐዳልና። የዓለም የጤና ድርጅትም ጉዳት አያደርስም ተብሎ የሚታመን የእርሳስ መጠን አለመታወቁን ገልጿል።

ሌላው ክፋቱ ሕመሙ ሌላ ሕመም መምሰሉ ነው። የሆድ ቁርጠት፣ የደም ማነስ፣ ድካም፣ ሲብስም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ያመጣል። እናት ልጇን ይዛ ከሐኪም ቤት ወደ ሐኪም ቤት ስትመላለስ መንሥኤው ከአጥሩ ማዶ መሆኑን የሚነግራት ሰው ቶሎ አታገኝም። ጐረቤቱ ባወቀ ጊዜ ግን ዝም አይልም። ሲናገርም ምን እንደሚሆን ከሞምባሳ ታሪክ እንመልከት።

የኦዊኖ ኡሁሩ ሰዎች

በኬንያ በሞምባሳ ከተማ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባል ሦስት ሺህ ያህል ሰዎች የሚኖሩበት የድኾች ሰፈር አለ። በ2007 ከሰፈሩ ጋር በግንብ ብቻ የሚለያይ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳሱን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ፋብሪካ ተከፈተ። ለውጭ ገበያ ለሚያመርቱ ድርጅቶች ከተሰጠው መብትም ተጠቃሚ ነበር። ከሰፈሩ ሰዎችም ብዙዎቹ በፋብሪካው ሥራ አገኙ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለሁሉ የሚጠቅም ንግድ ይመስል ነበር።

በ2009 ፋብሪካው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የሚያገናኙትን ወይዘሮ ፊሊስ ኦሚዶን ቀጠረ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ፋብሪካው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ የሚመረምር ጥናት ማስጠናት ነበር። የጥናቱም ውጤት ፋብሪካው ሰው ከሚኖርበት ስፍራ አጠገብ መሆን እንደማይገባው የሚያመለክት ስለ ሆነ ወይዘሮ ኦሚዶ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ለአለቆቻቸው አሳሰቡ። አለቆቻቸው ግን ምክሩን አልተቀበሉም፤ ጉዳዩንም ከእጃቸው ወሰዱባቸው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የወይዘሮ ኦሚዶ ሕፃን ልጅ ታመመ። ሐኪሞች አንድ ጊዜ ወባ፣ አንድ ጊዜ ሌላ በሽታ ነው እያሉ ቢያክሙትም ሊድን አልቻለም። በመጨረሻ ደሙ ሲመረመር ብዙ እርሳስ ተገኘበት። እርሳሱም ወደ ልጁ የገባው በእናቱ ጡት ወተት መሆኑ ታወቀ። እናትየው ሥራቸውን ትተው የሰፈሩን ሌሎች ሕፃናት ደም ቢያስመረምሩ በእነርሱም ላይ ያው ነገር ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አንዲት ሴት ብቻዋን የሠራችው ሳይሆን አንድ ሰፈር በሙሉ ተባብሮ የፈጸመው ነው። ነዋሪዎቹ ለየመሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ጻፉ፤ መልስ ሲያጡም በሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ወይዘሮ ኦሚዶም ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ፍትሕና ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚከራከር ማኅበር መሠረቱ። በ2012 በአንድ ሰልፍ ላይ ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር ተይዘው ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርገዋል፣ ሁከትም አነሣሥተዋል በሚል ተከሰሱ፤ ኋላም ፍርድ ቤቱ በነጻ ለቀቃቸው። ዛቻና ጥቃትም ደርሶባቸዋል። ይሁን እንጂ ሰፈሩ አቤቱታውን አላቆመም፤ በ2014 መጀመሪያም ፋብሪካው ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት በ2015 ወይዘሮ ኦሚዶ ለአካባቢ ጥበቃ ለሚታገሉ ሰዎች የሚሰጠውን የጎልድማን ሽልማት ተቀበሉ።

ፋብሪካው ቢዘጋም ትቢያው አልሄደም፤ የሕፃናቱም ጤና አልተመለሰም። ስለዚህ ነዋሪዎቹና ማኅበራቸው በ2016 በሞምባሳ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱም በሐምሌ ወር 2020 በሰጠው ፍርድ፣ ለደረሰው የአካል ጉዳትና የሕይወት መጥፋት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 12 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል፣ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። ከዚህም በላይ የተበከለው አፈር እንዲጸዳ ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 የካሣው ልክ እንደ ገና እንዲመረመር ቢያዝም፣ የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ወር 2024 የ1.3 ቢሊዮን ሽልንጉን ካሣ አጸናው።

አንባቢ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ተከሳሾቹ የፋብሪካው ባለቤቶች ብቻ አልነበሩም። ፈቃድ የሰጡና መቆጣጠር ሲገባቸው ያልተቆጣጠሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተከሰዋል፤ ፋብሪካው ያረፈበትን መሬት ያከራየው ድርጅትም አብሮ ተከሷል። እርሳስ አላቀለጠም፣ ባትሪም አልሰበረም፤ ግቢውን ብቻ አከራየ።

የሒሳቡ መዝገብ

እኛ የንግድ ሰዎች ነገርን በሒሳብ ስናየው ይበልጥ ይገባናልና ይህንኑ ታሪክ በሒሳብ መዝገብ እንጻፈው።

በ2009 ምክሩ ከራሱ ከፋብሪካው ሠራተኛ አፍ ያለ ክፍያ መጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ምክሩን ለመቀበል የሚያስፈልገው ወጪ ፋብሪካውን ማዛወሪያ ብቻ ነው። በ2014 ወጪው ጠቅላላው ፋብሪካ ሆነ፤ ምድጃው ጠፋ፣ ገበያው ተቋረጠ፣ ሠራተኛውም ተበተነ። በ2020 ወጪው በቢሊዮን የሚቈጠር ሆነ። ከ2007 እስከ 2024 ያለውን ብንቈጥር አንድ የጐረቤት አቤቱታ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወለድ ወለደ ማለት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

በመዝገቡ ማዶ ያለው የነዋሪው ሒሳብ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ፍርድ ቤት የወሰነው ገንዘብ የሞተውን ልጅ አያስነሣም፤ ትምህርት መቀበል ያቃተውንም ልጅ አእምሮ አይመልስም። እንዲህ ያለ ምድጃ በባለጸጎች መኖሪያ አጠገብ ሲተከል አይታይም፤ የሚተከለው የቤት ኪራይ ርካሽ በሆነበት፣ ነዋሪውም ቢናገር ማን ይሰማዋል ተብሎ በሚታሰብበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው። ለፋብሪካው የቀረለት የማጣሪያ ዋጋ የትም አልጠፋም፤ በድኻው ልጅ ደም ውስጥ ተከፈለ።

በኮኮ የተከራየው ግቢ

ግቢ ማከራየት ብቻውን ምን ጉዳት አለው የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ ከሞምባሳ ተነሥተን ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ በደቡብ ናይጄሪያ ወደምትገኘው ኮኮ የምትባል ትንሽ ወደብ እንሂድ።

በ1987 አንድ የኢጣሊያ ነጋዴ በኮኮ ከሚኖር ሰው ግቢውን ተከራየ፤ የኪራዩም ዋጋ በወር ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ነበር። ከዚያም እስከ 1988 ድረስ በአምስት ጊዜ ጭነት ወደ አራት ሺህ ቶን የሚጠጋ ዕቃ በበርሜል እየሆነ ከኢጣሊያ መጣ። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ሌላ ቢሆንም በበርሜሎቹ ውስጥ የነበረው ከፋብሪካዎች የወጣ መርዛም ቆሻሻ ነበር። በርሜሎቹም በፀሐይና በዝናብ እየዛጉ መፍሰስ ጀመሩ።

ምሥጢሩን ያወጣው ባለሥልጣን አይደለም። በኢጣሊያ ይማሩ የነበሩ የናይጄሪያ ተማሪዎች ወሬውን ከዚያው አገር ጋዜጦች አንብበው ለአገራቸው ጋዜጦች ጻፉ። በሰኔ ወር 1988 ጉዳዩ በናይጄሪያ ሲታወቅ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። መንግሥቱ በኢጣሊያ ያለውን አምባሳደሩን ጠራ፤ አንድ የኢጣሊያ መርከብም በወደቡ አገደ። በመጨረሻ ኢጣሊያ ቆሻሻውን መልሳ ለመውሰድ ተገደደች። ቆሻሻውን ከጫኑት መርከቦች አንዷ ካሪን ቢ የተባለችው ነበረች። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ወደብ እንዳትገባ ተከልክላ በባሕር ላይ ስትንከራተት ከረመች። በወር በ100 ዶላር ኪራይ የተቀመጠ ዕቃ፣ ሲመለስ የሚያስጠጋው ወደብ ጠፋ።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ዛሬ በያንዳንዱ ላኪና አስመጪ ጠረጴዛ ላይ አለ። በመጋቢት ወር 1989 አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ተፈረመ፤ በ1991 ደግሞ የአፍሪካ መንግሥታት በማሊ ዋና ከተማ ተሰብስበው አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለውን የባማኮ ስምምነት አጸደቁ። ኢትዮጵያም የሁለቱም ተዋዋይ አገር ናት። ጥቂት ተማሪዎች በላኩት ደብዳቤ የተጀመረ ነገር የዓለምን የንግድ ሰነድ ለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል

እነዚህ ነገሮች የሌላ አገር ወሬ ናቸው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ እርሱን የሚነኩ የአካባቢ ጉዳዮች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 299 በአካባቢ ላይ ለውጥ ሊያመጡ የሚችሉ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት ጥናት እንዲደረግባቸው አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቊጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው ማጽጃውን ራሱ እንዲከፍል ወሰነ። ከዚህም አልፎ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ የደረሰብኝ እኔ ነኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ስለ ብክለት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቀደ። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲችልም በዚሁ አዋጅ ተደነገገ። ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድም አዋጅ ቊጥር 1090/2010 ወጥቷል።

እንግዲህ ከመጋዘናችን አጥር ወዲያ ያለች አንዲት እናት ወይም ጨርሶ በሌላ ሰፈር የሚኖር አንድ ተማሪ ተነሥቶ ሊከሰን ይችላል ማለት ነው። ክሱ ሁልጊዜ ይሳካል አልልም። አንድ የባለሙያዎች በጎ አድራጎት ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። ነገር ግን ክሱ ውድቅ ሆነ ማለት ወንዙ ጠራ ማለት አይደለም። በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማውና አትክልቱን ከገበያ ገዝቶ የሚበላው ሰው ያንኑ ውሃ ይካፈሉታል። የፍርድ ቤቱን ደጃፍ በድል የወጣ ነጋዴም ማታ ከቤቱ ሲገባ በገበታው ላይ የሚጠብቀው ያው ጐመን ሊሆን ይችላል።

ተቃውሞ ሁሉ እውነት ነውን?

አንዳንድ ነጋዴዎች፣ «የሰፈር ሰው በሰው ተገፋፍቶ ነው የሚጮኸው፤ ከጀርባው ተወዳዳሪ ነጋዴ ወይም ጥቅም ፈላጊ አለ» ሲሉ ይሰማል። አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል። የተጋነነ አቤቱታም አይጠፋም። ነገር ግን ይህን ለይቶ ለማወቅ ክርክር አያስፈልግም፤ መመርመር ይበቃል። ገዥ መጥቶ ሚዛኑ ጐድሏል ቢለን፣ ማን ልኮህ ነው አንለውም፤ ጆንያውን እንደ ገና በሚዛን ላይ እናወጣዋለን። ትክክል ከሆነ ስማችን ይጠራል፣ ከጐደለም እንሞላለን። ለገዥ የምናደርገውን ለጐረቤት የማናደርግበት ምክንያት የለም። አንድ እፍኝ አፈርና የጥቂት ሕፃናትን ደም ማስመርመር ከጠበቃ አበል እጅግ ያነሰ ወጪ ነው።

ለነጋዴ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮች

አንደኛ፤ መጋዘን ወይም ግቢ የሚያከራይ ሰው ከዋጋው በፊት ተከራዩ ምን እንደሚሠራ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጢሱም በምን እንደሚጣራ በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱንም የውሉ ክፍል ያድርገው። በጽሑፍ ለመመለስ ያልፈለገ ተከራይ መልሱን በሌላ መንገድ ሰጥቷል።

ሁለተኛ፤ ፈቃድ አለኝ የሚል ሰው ቅጂውን ብቻ አሳይቶ አይለፍ። ወረቀቱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ማረጋገጥ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻልም በሥራ ላይ ያለውን ከዚያው መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ ጐረቤትን አስቀድሞ ማማከር ነው። ለዚህ አዲስ ጉባኤ መፍጠር አያስፈልግም፤ በየሰፈሩ እድር አለ። የእድሩን ዳኛ አነጋግሮ አባላቱ በሚሰበሰቡበት ቀን ግማሽ ሰዓት መለመን፣ ሥራውን ሳይደብቁ ማስረዳት፣ የሚሉትን ማዳመጥና በቃለ ጉባኤ ማስፈር ይቻላል። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚነሣው ጥያቄ ኋላ በፍርድ ቤት ከሚነሣው ይልቅ የለሰለሰ ነው።

አራተኛ፤ አዲስ ባትሪ የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች አሮጌውን ከገዥው መልሰው ቢቀበሉና ከዋጋው ጥቂት ቢቀንሱለት ለራሳቸውም ለአገርም ይጠቅማሉ። የተቀበሉትን ሳይሰብሩ፣ አሲዱንም ሳይደፉ፣ አቁመው፣ ከጣራ በታች፣ ፍሳሽ በማያሰርግ ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ ከዚያም ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰው ያስረክቡት። ሱቅ ያለውም ሰው ከሱቁ ጓሮ ሕፃናት እንዳይደርሱበት ይጠንቀቅ።

አምስተኛ፤ ላኪዎች ሰነዳቸውን አጥብቀው ይመርምሩ። አሮጌ የእርሳስ ባትሪ፣ ቢሰበርም ባይሰበርም፣ በባዝል ስምምነት ከአደገኛ ቆሻሻዎች መዝገብ የገባ ነው። ስለዚህ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት የተቀባዩ አገር መንግሥት፣ ዕቃው የሚያልፍባቸውም እንደ ጅቡቲ ያሉ አገሮች በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። ባትሪውን ቁርጥራጭ ብረት ብሎ አስመዝግቦ መላክ ሕገ ወጥ ዝውውር ይባላል፤ ዕቃውንም መልሶ የማምጣት ግዴታ ያስከትላል። የካሪን ቢን ጉዞ ማስታወስ ነው።

ስድስተኛ፤ አቤቱታ ሲደርስ የመጀመሪያው መልስ ከጠበቃ ቢሮ የሚወጣ ደብዳቤ አይሁን። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ቦታውን ይይ፣ ሰዎቹንም ያነጋግር። የሞምባሳው ፋብሪካ አለቆች በ2009 ከቢሯቸው ተነሥተው ያንን ግንብ ቢሻገሩ ኖሮ ቀሪው ታሪክ ባልተጻፈ ነበር።

የደብዳቤው መልስ

ይህን ሁሉ በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለአሠሪዬ አቀረብኩ። አንብበው ካበቁ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። የመጋዘኑ ባዶ መቀመጥ በየወሩ ኪሣራ እንደሚያደርስባቸው ሒሳቡን የምይዝ እኔ ስለ ሆንሁ፣ የቀረበላቸውን ዋጋ መተው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በመጨረሻም፣ «በዚያ አጥር ማዶ ያሉትን ልጆች በየጊዜው አያቸዋለሁ፤ ኳሳቸው ወደ ግቢያችን ሲገባ ዘበኛው ነው የሚመልስላቸው» አሉና መልሱን እንድጽፍ አዘዙኝ።

መልሳችን አጭር ነበር። የአካባቢ ጥናቱን፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ፈቃድ፣ የአሲዱንና የጢሱን አወጋገድ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ከሰፈሩ ሰዎች ጋር የተደረገውን ምክክር ቃለ ጉባኤ ይዘው ቢመጡ ጥያቄዎን በደስታ እንመለከታለን የሚል ነው። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ ሰውዬው አልተመለሰም። መጋዘኑም ገና ባዶውን ነው። ሌላ ተከራይ እየፈለግን ነው፤ ኪራዩ በአካባቢው እንደ ተለመደው ነው።